ስለ እጄ ማን አፉ አለ?

ባሌ ጠበቃ ነው። ቢሮው የቤታችን የፊት ክፍል ሲሆን ከእኔ ጓዳ የሚለየው አንድ የችፑድ ግድግዳ ብቻ ነው። ችፑድ ዓይን እንጂ ጆሮ አይከለክልም። ሮቤ ላይ ብርዱ ሲበረታ ሰው ሁሉ በር ዘግቶ ስለሚያወራ እያንዳንዱ ቃል ወደ እኔ ይመጣል፤ የድንበር ክርክሩ፣ ፍቺው፣ ውርሱ፣ ባጃጅ የገጨው፣ ከጋሪ የወደቀው። ሽንኩርት እየላጥኩ ስንቱ ሲካሰስ ሰምቻለሁ። የሰማሁትን ለማንም አላወራም፤ በዚህ እንኳን አልታማም። የማልችለው ቅናቴን መደበቅ ነው። ቅናት ሲይዘኝ ድስት ሳስቀምጥ ይሰማል፣ በር ስዘጋ ይሰማል፣ መጥረጊያ ስይዝ ይሰማል። ባሌ "ዛሬ ደግሞ ወለሉ ምን አደረገሽ?" ይለኛል።

የጎባዋ ሴት መጀመሪያ የመጣች ቀን ወለሉ ብዙ መከራ አየ። ስትገባ በመስኮት አይቻታለሁ። በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች፤ ሻሿ ከቀሚሷ ጋር የሚሄድ፣ አረማመዷ የማይቸኩል፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው። ጎባ ላይ የልብስ ሱቅ እንዳላት፣ ባል ደግሞ እንደሌላት ገና ወንበሩ ላይ ሳትደላደል ሰማሁ። ቀኝ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ በአንገቷ ላይ ታስሯል። ከሱቋ አጠገብ ፎቅ እየተሠራ ነው፤ ሠራተኞቹ ከሚወጡበት መወጣጫ ላይ አንዱ አጣና ገመዱ ላልቶ ተምዘግዝጎ ወረደባት። ጭንቅላቷን ለማዳን እጇን ሰጠች።

ባሌ እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣበት ስለ ሕግ ከማውራቱ በፊት የሚላት አንዲት ነገር አለችው። "እስኪ እጅሽን አሳዪኝ" ይላል። እግሩን የተመታውን እስኪ ተነሥና ተራመድ፣ ወገቡን የተጎዳውን እስኪ ጎንበስ በል ይለዋል። ያላየሁትን ጉዳት ለዳኛ ማስረዳት አልችልም ባይ ነው። እሷንም ይህንኑ አላት። ፋሻው ገና ስላልተፈታ ያን ቀን ብዙ የሚታይ ነገር አልነበረም።

ፋሻው ከተፈታ በኋላ ስትመጣ ግን ጣት በጣት ጠየቃት። "ይሄኛው ይታጠፋል?" "አይታጠፍም።" "ይሄኛውስ?" "ትንሽ።" ሲበርድ ያምሽ እንደሆነ፣ ቁልፍ መቆለፍ ትችይ እንደሆነ፣ የሱቅሽን በር ማን ይከፍትልሻል እያለ ጠየቀ። ድምፁ ለእኔ ከገበያ ምን ልግዛ ሲለኝ የማውቀው ድምፅ አልነበረም፤ ለስለስ ያለ፣ የሚጠብቅ ድምፅ ነበር። ጣቶቿን ይዟቸው ይሁን ሳይነካ እያየ ይሁን ችፑዱ አይናገርም፤ ቅናት ደግሞ ማየት አያስፈልገውም፤ የጎደለውን ራሱ ይሞላል። ከዚያ "ፀጉርሽን ማን ያበጥርልሻል?" አላት። የያዝኩት ጭልፋ ከእጄ ወጥቶ ወለሉ ላይ ጮኸ።

እኔም ቀኝ እጅ አለኝ።

ፀጉር ሠሪ ነበርኩ። መናኸሪያው አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ሹሩባ እሠራ ነበር። ወላጆቼ ከስልጤ መጥተው እዚህ በጨርቅ ንግድ ያደጉ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ግን ከጨርቅ ይልቅ ፀጉር ይመቸኝ ነበር። ከአጋርፋ፣ ከጎሮ ሙሽራ ይመጣልኝ ነበር። ስስ ሹሩባ ሲሆን ሰው እኔን ነበር የሚጠብቀው፤ ሌላው ዘንድ ተራ እያለ እኔ ደጃፍ ተቀምጠው ይውሉ ነበር። ያን ጊዜ የሚቀናብኝ እንጂ የምቀናበት አልነበረኝም።

እጄን የበላው ወፍጮ ነው። ወፍጮ ቤቱ የባሌ ታላቅ ወንድም ንብረት ነው፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። አባታቸው ሲሞት ባሌን ያሳደጉት፣ አስተምረው ጠበቃ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። የስንዴ አጨዳ ወቅት ነበርና ወፍጮ ቤቱ ተጨናንቋል። ቺንጋውን፣ ወፍጮውን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ሲቀይሩ መሸፈኛውን ቆርቆሮ አንሥተው፣ ሰው በዝቶባቸው ሳይመልሱት ሥራ ጀመሩ። እኔ ዱቄቴን ለመሰብሰብ ጎንበስ ስል የሻሼ ጫፍ ቺንጋው ውስጥ ገባ። ሰው ደንግጦ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ሻሼን ለማስለቀቅ እጄን ሰደድኩ። ጣቶቼ አልተቆረጡም፤ አልሐምዱሊላህ። ሌባ ጣቴና የመሀል ጣቴ ግን እንደ ደረቅ እንጨት ቀሩ። ሹሩባ የሚሠራው በእነሱ ነው።

ጎባ ሆስፒታል ቀዶ ጥገና ተደርጎልኝ ከማደንዘዣው ስነቃ ባሌ አጠገቤ ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል። "አብሽሪ፣ ሁሉም አልቋል" አለኝ። ምን እንዳለቀ ኋላ ነው የገባኝ። እዚህ አገር ሰው ሰውን ሲጎዳ ሽማግሌ አስከትሎ፣ እርጥብ ሣር ይዞ ይመጣል። ሽማግሌዎቹ ዲፋማ ይላሉ፤ እኛ አፉ በሉን የምንለው ነው። ሣሩን የተቀበለ ሰው አፉ ብሏል፣ ይቅር ብሏል፤ ነገሩ እዚያ ላይ ይበቃል። ሣር ይዞ የመጣን የሚመልስ ሰው ደግሞ ከሰው አይቆጠርም። ጋሼ እኔ ተኝቼ ሳለሁ ከሽማግሌዎች ጋር ሆስፒታሉ ግቢ ድረስ ሣር ይዘው መጡ። ባሌ በእኔ ፈንታ ተቀበለ። እኔም ይህን ስሰማ አልሐምዱሊላህ አልኩ።

እውነቴን ነው፣ ያኔ ኮርቼበታለሁ። ከተማው አወራለት። "ወንድም ማለት እንዲህ ነው፤ የሚስቱ እጅ እንኳን ከወንድሙ አልለየውም" ተባለ። እኔ ደግሞ ባሌ ሕግ አዋቂ ስለሆነ፣ እሱ አልቋል ያለው ነገር በሽማግሌም በሕግም ያለቀ ነው የመሰለኝ። ሌላ ሴት ብትሆን ትጠይቅ ነበር። ጠበቃ ያገባች ሴት ምን ብላ ማንን ትጠይቃለች?

ክፍሉን ለቀቅኩ። ወንበሮቼን፣ መስታወቴን እኔው ያስተማርኳት ልጅ ገዛችኝ። አሁን የልጄን ፀጉር የምትሠራው እሷ ናት። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በእሷ በኩል አልፋ ስስ ሹሩባ ተሠርታ ትመጣለች፤ እኔም ጭንቅላቷን እያገላበጥኩ ጉድለት እፈልጋለሁ። ጉድለት የለውም፤ በደንብ ነው ያስተማርኳት። እንዲያ ሲሆን ምሳዋን አቀርብላትና ጓዳ ገብቼ እቀመጣለሁ።

እንግዲህ ባሌ የሌላ ሴት ጣት አንድ በአንድ ሲቆጥር የምሰማው በዚህ ሁሉ ላይ ነው።

የጎባዋ መመላለስ አበዛች። መቼም ጠበቃ ጋ የሚመላለሰው ጉዳይ ያለው ነው፤ ይህን አእምሮዬ ያውቃል። ሆዴ ግን አያውቅም። አንድ ቀን ጭኮ ይዛ መጣች። ባሌ የባሌ አገር ልጅ ነው፤ ገብስና ቅቤ ሲያይ ልቡ ይቀልጣል። "ወላሂ እናቴ እንደምትሠራው ነው" ሲላት ሰማሁ። እኔ የምሠራለት ጭኮ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን ከእናቱ ጋር ተስተካክሎ አያውቅም። የተረፈውን ወደ ጓዳ አምጥቶ ቅመሺ አለኝ። ጥርሴን አሞኛል አልኩት።

ጆሮዬን ግን አልነቀልኩም፤ እንዲያውም ሽንኩርቱን ወደ ችፑዱ አስጠግቼ መላጥ ጀመርኩ። ስለዚህ የሚመክራትን ሁሉ አብሬ ተማርኩት። አጣናው የወደቀበትን ቦታ ሳይጠግኑት በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺው አላት። ያየ ሰው ካለ ስሙንና አድራሻውን ያዢ፤ ሰው ይረሳል፣ አገር ይለቅቃል። ያን ቀን የለበስሽውን አትጠቢው። ሆስፒታል የሰጠሽን ካርድና የራጅ ውጤት አንዱንም አትጣይ። እጅሽ ድኖ የሚድነውን ያህል ከዳነ በኋላ ወደ ሕክምና ቦርድ እንልክሻለን፤ ምን ያህል እንደጎደለሽ የሚናገሩት እነሱ ናቸው፤ እኔም አንቺም አይደለንም። የማታነቢው ነገር ላይ አትፈርሚ፤ ያነበብሽውም ላይ ቢሆን መጀመሪያ ለእኔ አሳዪኝ።

ሴትዮዋ የፎቁ ባለቤት ጥሩ ሰው መሆኑን፣ ሆን ብሎ እንዳልጎዳት፣ መክሰሱም እንደሚያሳፍራት ነገረችው። ባሌ ያንኑ ለስላሳ ድምፁን አወጣ። ከሕንፃ ላይ ለሚወድቅ ነገር የሕንፃው ባለቤት ይጠየቃል፤ የማሽን ባለቤትም እንዲሁ ማሽኑ ላደረሰው ይጠየቃል፤ ጥፋት ባይኖርበት እንኳን። ካሳ ጠየቅሽው ማለት ክፉ ሰው ነህ አልሽው ማለት አይደለም አላት። ማሽን የሚለውን ቃል ስሰማ ቢላዬ ቆመ። ለምን እንደቆመ ግን ያን ሰዓት ራሴን አልጠየቅኩም፤ ምናልባት ድምፁን እየሰማሁ ቃሉን አላስተዋልኩትም ይሆናል። ባልንጀራህ ሲታማ ለእኔ ብለህ ስማ ይባላል። ባልንጀራ ሲመከርም ለእኔ ብሎ መስማት እንደሚገባ የነገረኝ የለም።

አንድ ማክሰኞ ባሌ ፍርድ ቤት ቆይቶ ስለነበር ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቀው አገኘኋት። ብርድ ነበር፤ ከሳነቴ ተራራ በኩል ጉም ወርዶ መንገዱን ሞልቶታል። ሰው በሬ ላይ ሲበርደው ዝም ማለት ነውር ነውና ሻይ አመጣሁላት፤ ስኳሩን ግን አሳነስኩት። ብርጭቆውን በግራ እጇ ስትቀበለኝ እኔ ደግሞ በግራ እጄ እየሰጠኋት ነበር። ሁለታችንም አየነው። እሷ ሳቀች፤ ያ ደስ የማይለኝ ሳቋ። ከዚያ እጄን እያየች ምን አግኝቶሽ ነው አለችኝ። ወፍጮ አልኳት። ባልሽ እየተከራከረልሽ ነው? አለችኝ። የወንድሙ ወፍጮ ስለሆነ አፉ ተባብለን አልቋል አልኳት።

"አንቺ ነሽ አፉ ያልሽው?" አለችኝ።

ይህን ስትጠይቀኝ ነገር እየፈለገች አልነበረም። የእሷም ወንድም ከፎቁ ባለቤት ጋር ተስማምቶ ሽማግሌ ሊያስገባ ነው መሰለኝ፣ ያ ነበር ያስጨነቃት። እኔ ግን ብርጭቆውን ሳትጨርስ ተቀብዬ ገባሁ። ጠላኋት። በባሌ ስቀናባት እንኳን እንደዚያ አልጠላኋትም።

ባሌ መጥቶ አስገባት። ጭንቀቷን ነገረችው፤ ወንድሟ በእሷ ስም ሣር ሊቀበል እንደሆነ፣ ታላቋ ስለሆነም እምቢ ማለት እንደማትችል። ባሌ ሲመልስላት ቃሉን እየለየ ነበር፤ ዛሬም በጆሮዬ አለ።

"ስሚኝ። ስላንቺ አካል ካንቺ በቀር ማንም ሊታረቅ አይችልም። ወንድምም ቢሆን፣ አባትም ቢሆን፣ ባልም ቢሆን። ውክልና ካልሰጠሽው በቀር እርቁ አንቺን አይመለከትሽም። ደግሞ አፉ ማለትና ካሳ መተው አንድ አይደለም፤ ከልብሽ አፉ ብለሽ ካሳሽን መጠየቅ ትችያለሽ። ብቻ አትዘግዪ። ከተጎዳሽ ሁለት ዓመት ካለፈ ይርጋ ያግደዋል፤ ከዚያ በኋላ እኔም ምንም ላደርግልሽ አልችልም።"

ባልም ቢሆን አለ። በዚያ አፉ።

እጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አየሁት። ከመስኮቴ የከተማው ጫፍ ይታያል፤ ስንዴው ቢጫ መሆን ጀምሯል። እኔ የተጎዳሁት አጨዳ ላይ ነው። ያ አጨዳ አልፎ ሌላ መጥቶ፣ አሁን ሁለተኛው እየደረሰ ነው፤ ሁለት ዓመቱ ሊሞላ ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ሲሉ በሴት የሚተርቱት ለምንድን ነው ብዬ አሰብኩ። የባሌ እጅ የጎባዋን ድስት ያማስላል፤ የኔው እያረረ በዚያው ጓዳ ውስጥ ተቀምጫለሁ። እሱ አያሸተውም፤ እኔም ቢሆን እስከዚያች ሰዓት አልሸተተኝም ነበር።

ሽርጤን ፈታሁ፣ ሻሼን አስተካከልኩ፣ በጓሮ ዞሬ በፊት በር ሄድኩና አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። የጎባዋ ወጥታ ሄደች። ከእኔ በፊት አንድ የአጋርፋ ገበሬ ነበሩ፤ ተራዬን ጠበቅኩ። ሰውየው ሲወጡ ባሌ በሩን ከፍቶ ቀጣዩን ሊጠራ ሲል እኔን አየ። ከጓዳ ያለቀ ነገር ኖሮ የመጣሁ መስሎት እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

"ተጎድቼ ነው የመጣሁት" አልኩት።

ሳቀ። ስላልሳቅኩ አቆመ። ገብቼ የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ቀኝ እጄን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። መስኮቱን አየ፣ መጻሕፍቱን አየ፣ የእኔን ፊት አየ፤ እጄን ግን አላየም። ይህን ሳይ ነው የከፋኝ። የጎሮ ነጋዴ እግር፣ የአጋርፋ ገበሬ ወገብ፣ የጎባ ሴት ጣት ያየ ሰው፣ በአንድ አልጋ አብሮት የሚተኛውን እጅ የሚያይበት ዓይን አጣ።

"ያ ነገር አፉ ተብሏል እኮ" አለ ቀስ ብሎ።

"ማን አለ?"

"እኔ ነኛ። ተኝተሽ ነበር።"

"ውክልና ሰጥቼህ ነበር?"

ችፑዱን ዞር ብሎ አየው። እንደ አዲስ ነገር ነው ያየው፤ ከኋላው ጆሮ እንዳለ ያን ቀን ነው የታወቀው። ወንድሜን ልትከሺ ነው ወይ አለኝ። የማሽን ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል፤ ይህም ስድብ አይደለም፣ ስትል ሰምቼሃለሁ አልኩት። ያሳደገኝ ሰው ነው አለ። አውቃለሁ አልኩ። ያኔ በተቃጠለ ድምፅ፣ ሊያስረዳኝ ብሎ ይመስለኛል፣ የማላውቀውን ነገር ነገረኝ። ጋሼ ያን ቀን ሣሩን ይዘው ሲመጡ ካሳም ልስጣት ብለው ነበር። እምቢ ያለው እሱ ነው። ከወንድሙ ካሳ ተቀበለ እንዳልባል ብዬ ነው አለኝ።

ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባላል። እሱን እንኳን እችለው ነበር፤ የሙያ ሰው ቤት ሁሌም እንደዚያ ነው። ይሄ ግን ሌላ ነው። የኔን እጅ ለወንድሙ በስጦታ ሰጠው። ከተማው "ወንድም ማለት እንዲህ ነው" ያለው፣ እኔም የኮራሁበት፣ በኔ ጣት የተገዛ ስም ነበር። ቅናቴ ሁሉ ያን ጊዜ ከጎባዋ ላይ ተነሥቶ ቦታውን ቀየረ። የቀናሁት በወንድሙ ነበር፤ እሳቸው ሳይከፋቸው እንዲያድሩ እኔ ፀጉር ሳልሠራ አደርኩ። ይህን ሁሉ አልኩት። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም፤ አግዳሚው ላይ ሰው ነበረ።

ግንባሩን እያሻሸ፣ ጉዳዩን እኔ ልይዝልሽ አልችልም፤ ወንድሜም ነው፣ ባልሽም ነኝ፣ በሁለቱም በኩል መቆም ሙያው አይፈቅድም አለኝ። ሌላ ጠበቃ ጠቆመኝ። መጀመሪያ ግን ጎባ ሄጄ የሕክምና ቦርዱን ውጤት እንድይዝ፣ እንዳልዘገይም፣ ስንዴው ሳይታጨድ ክሱ መግባት እንዳለበት ነገረኝ። ሌላ ሚስት ብትሆን በዚህ ታዝን ይሆናል። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ደንበኛ ቆጥሮኝ የሕግ ነገር መከረኝ። እጄን ግን ያን ቀንም ሳያየው ተነሣሁ።

ጎባ ተመላለስኩ። ሐኪሞቹ ጣቶቼን በአንሶላ ላይ ዘርግተው አዩ፣ አጠፉ፣ ጻፉ። የጎባዋን ሱቋ በር ላይ አገኘኋት፤ ወንድሟን እንደመለሰችውና የፎቁ ባለቤት ራሱ እሷን ሊያናግር እንደመጣ ነገረችኝ። አፉ ብላዋለች፤ ካሳውንም ልትቀበል ነው። እጇ ከእኔ የተሻለ ይታጠፋል። በዚህም ቀናሁባት፤ ልዋሽ አልችልም። ሻይ ጋበዘችኝ፤ ስኳሩ በደንብ ነበረው።

ክሱ ሳይገባ ጋሼ መጡ። ባሌ ነግሯቸው ነው። ጁምዓ ከሰዓት ነበር፤ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ እርጥብ ሣር ይዘው ሳሎናችን ገቡ። ልቤ ፈራ። ሽማግሌ ፊት ሴት ብቻዋን ከተቀመጠች ብዙ ነገር ያስፈራል። ሰላምታው ረዘመ፤ ፈያዳ፣ ነጋዳ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ዘመዱ። ባሌ እንደ ልማዱ አባወራ ነውና በመሀል ተቀምጧል። ሽማግሌው ንግግራቸውን ወደ እሱ አዙረው ሊጀምሩ ሲሉ ጋሼ እጃቸውን አነሡ።

"ወደ እሷ ነው የመጣሁት" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ያን ቀን እስክትነቂ መጠበቅ ነበረብኝ። አልጠበቅኩም። ቆርቆሮውን ሳልመልስ ሥራ ያስጀመርኩት እኔ ነኝ። ሐኪም ያለውን፣ ሕግ ያለውን እከፍላለሁ። አፉ ማለቱን ግን ላንቺ ትቼዋለሁ።"

ጋሼን ሁልጊዜም እወዳቸው ነበር፤ ነገሩን ያከበደብኝም እሱ ነው። እርስዎ ሆን ብለው አልጎዱኝም፤ ካሳው በጽሑፍ ይሁን፣ እኔው አንብቤ እኔው ልፈርም አልኳቸው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ያንደኛው ጢም ትንሽ የሳቀ መሰለኝ። ይሁን አሉ። ጋሼ ተነሥተው ሣሩን ዘረጉልኝ። ሣር የሚቀበሉት በቀኝ ነው፤ በግራ መቀበል ነውር ነው። ቀኜን ዘረጋሁ።

ሣሩ በጣቶቼ መሀል አልፎ ወደቀ።

ጋሼ እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ለሰውየው መርዶ ያህል ነበር መሰለኝ፤ እስከዚያ ቀን ጣቶቼ ዕቃ መያዝ እንዳቃታቸው በወሬ ነበር የሚያውቁት። ባሌ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ ሣሩን አንሥቶ ሊይዝልኝ ጎንበስ አለ። ያኔም የሠራው ይህንኑ ነው፤ እኔ ስላልቻልኩ እሱ ያዘልኝ።

"ተወው" አልኩት። "የኔ ነው።"

ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ሊቀመጥ ወደ ወንበሩ ይመለሳል ብዬ ስጠብቅ እዚያው እግሬ ሥር፣ ምንጣፉ ላይ፣ ሽማግሌዎቹና ወንድሙ እያዩት ተቀመጠ። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ በዚያ ከችፑድ ወዲያ ብቻ በማውቀው ድምፅ፣ "እስኪ እጅሽን አሳዪኝ" አለኝ።

ሰጠሁት። በሁለት እጁ ያዘው።

"ይሄኛው ይታጠፋል?"

"አይታጠፍም።"

"ይሄኛውስ?"

"እሱም አይታጠፍም።"

ሲበርድ ያምሽ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ያመኛል አልኩት። ቁልፍ መቆለፍ ትችይ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ቀሚሶቼን ሁሉ ያለ ቁልፍ እንዳሰፋሁ ነገርኩት። ከተጎዳሁ ወዲህ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አብሮኝ ሲኖር ይህን አላወቀም። ከዚያ "የልጃችንን ፀጉር ማን ነው የሚሠራላት?" አለ። ማን እንደሆነች ያውቃል። ቢሆንም ጠየቀኝ፤ እኔም እንደማያውቅ ሰው ነገርኩት፤ ስስ ሹሩባ ስትሠራ እኔ እንደምሠራው እንደምትሠራ፣ ልጄ ተሠርታ ስትመጣ ጓዳ ገብቼ እንደምቀመጥ፣ ሁሉንም። ጣቶቼን ሳይለቅ ሰማኝ።

ሣሩን ያነሣሁት ከዚያ በኋላ ነው። በግራ እጄ ነው ያነሣሁት፤ ነውር ነው ያለኝም የለም።